ለብረት የተላኩ ሽማግሌዎች

የሞቷን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብቤ አለፍኩት። እዚህ እስራኤል አገር ሰው ሲሞት ስሙን ዳሩ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ያትሙና ግድግዳና የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ይለጥፉታል። ሄርዝል ጎዳና ላይ ወደ ሥራ ስሄድ አየሁት፤ ስመለስም አየሁት። «ቲርዛ» ይላል በዕብራይስጥ። ቲርዛ የምትባል ሰው አላውቅም።

በማግስቱ እማማ አበሩን እዚያው ወረቀት ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ማንበብ አይችሉም። ፊደሎቹን ግን የሚያመውን ቦታ እንደሚፈልግ ሰው በጣታቸው ይዳስሷቸው ነበር።

«ና እስቲ አንተ ልጅ። ይኼ ወረቀት የኛ ሰው ነው ይሉኛል። ማን ይላል?»

«ቲርዛ ይላል፣ እማማ።»

«ቲርዛ ደግሞ የማን ናት?»

ለቅሶ የሚቀመጡበትን ቤት አነበብኩላቸው። ሻዓራይም ሰፈር ውስጥ ነው። እማማ አበሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ኧረ እኔ ልሙት! ትርንጎ ናት እኮ። የአባ ፈንታ ትርንጎ!»

ያኔ ትዝ አለኝ። በልጅነቷ ከሱዳን በኩል ስትመጣ፣ የመዘገባት ጸሐፊ ትርንጎ ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቃት። የሎሚ ዘመድ የሆነ ፍሬ ነው አለችው። ፍሬ የሰው ስም አይሆንም ብሎ ቲርዛ አላት። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነበር። «ከዚያ አምጥተው ብርቱካን እርሻ መሀል ጣሉኝ» አለች። መታመሟን ሰምቼ ነበር፤ እንዲህ ይፈጥናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

የተዋወቅነው አውቶቡስ ውስጥ ቦምብ በሚፈነዳበት ዘመን ነው። በየበሩ ጠባቂ ይቆም ነበር፤ ከጠባቂዎቹም ብዙዎቹ እኛ ከኢትዮጵያ የመጣነው ነበርን። እኔም ከሠራዊት ወጥቼ፣ ምን እንደምሆን ሳላውቅ፣ ሄርዝል ጎዳና ላይ ባለ አንድ የቢሮ ሕንፃ በር ላይ ተቀመጥኩ። ሥራዬ የሰው ቦርሳ ከፍቶ ማየት ነበር። በቦርሳና በቦርሳ መካከል ደብተሬ ላይ ግጥም እጽፋለሁ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሕንፃ የሚነድፉና የሚያሰሉ ሰዎች ቢሮ ነበር። ትርንጎ እዚያ ትሠራለች። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ቦርሳዋን ከፍታ ፊቴ አስቀመጠችና በአማርኛ፣

«ፈትሽ። ግጥም የለበትም» አለችኝ።

«ግጥም እንደምጽፍ በምን አወቅሽ?»

«ሰው ሲገባ ከንፈርህ ይቆማል፤ ሲያልፍ ይንቀሳቀሳል። ወይ ገጣሚ ነህ ወይ ትጸልያለህ። የሚጸልይ ሰው ደግሞ ደብተር ላይ አይሰርዝም።»

ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ትበልጣለች። እትዬ ብዬ ስጠራት ፊቷን ታጠቁራለች። ቀጭን ናት፤ አረማመዷ ቀስ ያለ፣ የተኛ ሕፃን ያለበት ክፍል ውስጥ የምትሄድ ዓይነት። ሌላው ሰው ሲገባ በበሩ መቃን ላይ ያለችውን መዙዛ፣ የኦሪት ቃል የተጠቀለለባትን ትንሽ ማኅደር፣ ነክቶ ጣቱን ይስማል። እሷ ግን መዙዛዋን ታልፍና ከበሩ ውስጥ ያለውን ወፍራም ምሰሶ በመዳፏ ሙሉ ትነካዋለች። ዓይኗን ለአንድ ትንፋሽ ያህል ትጨፍናለች። ከዚያ ወደ ደረጃው። እኔ ምሰሶው የሆነ ነገር የሚነግራት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እሷ ከሄደች በኋላ ተነሥቼ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

በር ላይ የሚውል ሰው ነገር ያጠራቅማል። እኔ ያጠራቀምኩት የዚያን ቢሮ ሰዎች መልስ ነው። «ለምን መሐንዲስ ሆንክ?» እያልኩ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ከሩሲያ የመጣው ቦሪስ «አባቴ መሐንዲስ፣ አያቴ መሐንዲስ። እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለኝ። ወጣቱ ሠራዊት ውስጥ ድልድይ ሲዘረጋ አይቶ እንደወደደው ነገረኝ። አለቃቸው ከሰው ጋር መከራከር እንደሚጠላና ቁጥር እንደማይከራከረው ነገረኝ።

ትርንጎ ግን በጠየቅኳት ቁጥር መልሷ ሌላ ነው። ቢሮውን ሊጎበኙ ከውጭ ለሚመጡ እንግዶች «ሱዳን በረሃ ላይ ስለተጠማሁ ነው» ትላለች፤ እንግዶቹም ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ሲወጡ ወደ እኔ ዞር ብላ «ውኃ ያለበት ታሪክ ይወዳሉ» ትለኛለች። ለእኔ ደግሞ አንድ ጊዜ እንዲህ አለችኝ፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የኢትዮጵያ ልጆችን ሁሉ ወደ ስፌት ይልኩ ነበር። የስፌት ክፍሉ መስኮት ግድግዳ ያያል። የንድፍ ክፍሉ መስኮት የብርቱካን ዛፍ ያያል። ለዛፉ ብላ ክፍል ቀየረች።

«እውነት ነው?»

«ዛፉ እውነት ነው።»

እኔ ያመንኩት ግን ሌላ መልሷን ነው። አየሩ በብርቱካን አበባ የሚሰክርበት ወር ነበር፤ ከተማው ሁሉ ቀስ ብሎ ከመሬት የሚነሣ ይመስል ነበር። ትርንጎ ምሳዋን ይዛ ወርዳ ከጎኔ ተቀመጠች። ሳልጠይቃት ጀመረች። ከጎጆ ወጥተው ለመጡት ቤተሰቦቿ አራተኛ ፎቅ ተሰጣቸው። እናቷ ቤት በቤት ላይ ይቆማል ብላ አላመነችም። እዚህ ከሰዓት በኋላ ሰዎች የሚተኙበት ጸጥታ አለ፤ እናቷ በዚያ ሰዓት ልጆቿን በእግር ጣታቸው ታስኬዳቸዋለች። «ከሥራችሁ ሰው አለ፤ የሰው ራስ ላይ ነው የምትረግጡት» ትላቸዋለች። ትርንጎ ወለሉ ላይ ተኝታ ጆሮዋን ታስጠጋለች። ከታች ሳል ይሰማታል። ከዚያም ሥር ማንኪያ። ከዚያም ሥር ምንም።

«ሁላችንም አየር ላይ ነበርን፤ የሚፈራው ግን የኛ ቤት ብቻ ነው። ሌሎቹ ይተኛሉ። የሚያውቁት ነገር አለ አልኩ። ያን ነገር ተምሬ እኔም ልተኛ ብዬ ነው የገባሁበት።»

«ተኛሽ?»

«አይ አንተ! የተማረ ሰው የሚተኛ መስሎኝ ነበር እኮ። ለካ የሚተኙት ያልተማሩት ናቸው።»

እንዲህ ነበር ንግግሯ። ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት የምታወራው ስለሚያስቸግሩ ዘመዶች እንደሚያወራ ሰው ነው። «ኮንክሪት ይሉኝታ የለውም» ትላለች። «እኛ ሰው ፊት ስንቱን እንሸከማለን፤ እሱ ካቃተው አቃተው ነው።» ይህ አነጋገሯ ያን ጊዜ ለግጥም ጥሩ መስሎኝ ደብተሬ ላይ አስፍሬዋለሁ። ምን ያህል እንደሚያስከፍላት ያየሁት በኋላ ነው።

አንድ ጠዋት፣ የኪፑር፣ የአስተሰርዮ ጾም ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አራት ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው የምጠብቀው በር ላይ ቆሙ። ከፊት የኛ የቤተ እስራኤል ቄስ ናቸው፤ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው ጃንጥላ ይዘዋል። ከኋላቸው የትርንጎ አባት አባ ፈንታ አሉ፤ ጎንደር ሳሉ ግንበኛ ነበሩ። ሦስተኛው ጨዋታ የማያልቅባቸው አባ ገረመው ናቸው። አራተኛው ሽማግሌ ከመጡ እስኪሄዱ ቃል አልተናገሩም። የመፈተሻ ዘንጌን ወደ ቄሱ ከዘራ ሳስጠጋው ጮኸ።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?» አሉኝ አባ ገረመው።

የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

«አውቀዋለሁ። እሱ ሽማግሌ አይፈትሽም ነበር።»

አፍሬ ዘንጉን ጠረጴዛው ሥር ወሸቅኩት። መሐንዲሷን ጥራልን አሉኝ። ቄሱ በሳጥን ተዘግቼ ወደ ሰማይ አልወጣም ብለው ሊፍቱን እንቢ ስላሉ ትርንጎ ወረደች። የቄሱን እጅ ስማ፣ ለሌሎቹ ጉልበት ዝቅ ብላ፣ ፕላስቲክ ወንበሮቹን እየሳበች አስቀመጠቻቸው። እኔ ከበሩ መነሣት ስለማልችል ከሁለት ክንድ ርቀት ሁሉንም ሰማሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻዓራይም ውስጥ ያለችው የኛ ጸሎት ቤት ትንሽ ናት። ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። በዚያ በጋ አባ ፈንታ ከሁለት ጡረተኞች ጋር ሆነው፣ ከፈረሰ የብርቱካን ማሸጊያ ቤት ባገኙት ብረት፣ ከጸሎት ቤቱ ጣሪያ በታች ለሴቶች ሰገነት ሠሩ። የማዘጋጃ ቤት ሰው አይቶ፣ መሐንዲስ የፈረመበት ወረቀት ካላመጣችሁ ማንም አይወጣበትም አላቸው። አባ ፈንታ «መሐንዲስማ ቤቴ አለች» ብለው ሄዱ። ትርንጎ ሰገነቱን በሰንበት ቀን ከሥሩ ቆማ አየችው፤ ለአባቷም ሰው አይውጣበት አለቻቸው። ስለዚህ ሽማግሌ ተላከባት።

ቄሱ መርቀው ጀመሩ። «ልጄ፣ የመጣነው ለእርቅ ነው።»

«ከማን ጋር ተጣላሁ፣ አባ?»

«ከሰገነቱ ጋር» አሉ አባ ገረመው።

ትርንጎ ፈገግ አለች። «ስንት ሴት ሊወጣበት ነው?»

«ስልሳ ቢሆኑ ነው።»

«አይችልም።»

«አርባ እናድርገው።»

«አርባም አይችልም፣ አባ ገረመው።»

«ሠላሳ። ያላ፣ በይ፣ በሠላሳ ጨርሺልን።»

«በግ አይደለም እኮ የምንገዛው።»

«እንግዲያው ቀጫጭኖቹን መርጠን እናወጣለን። አበሩ ታች ትቅር።»

ሳቄ አመለጠኝ። ቄሱ ዞረው አዩኝ፤ ቦርሳ እንደሚፈትሽ ሰው አጎነበስኩ።

ትርንጎ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባቶቼ፣ እኔን እሺ ማሰኘት አያቅታችሁም። እናንተ እዚህ ድረስ መጥታችሁ እንቢ የምል እኔ ማን ነኝ? ግን እኔ እሺ ብል ብረቱ እሺ ይላል ወይ? እሱ ዘንድ ማንን ሽማግሌ ልላክ?»

ቄሱ ከዘራቸውን ጨብጠው ከወንበሩ ተነሡ። «እንግዲያው እንበርከክልሽ?» አሉና አንድ ጉልበታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«በሕግ አምላክ፣ አባ!» ትርንጎ ዘላ በሁለት እጇ ያዘቻቸው።

ያኔ አባ ፈንታ ተናገሩ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እንደሚናገር ሰው፣ ወለሉን እያዩ፣

«መሐንዲስ ልጅ አለችኝ ብዬ ነው ያመጣኋቸው» አሉ።

ትርንጎ አባቷን አየቻቸው። «አባባ፣ የኔን ፊርማ ማዘጋጃ ቤት አይቀበለውም። መሐንዲስ አይደለሁም። ሃንደሳይት ነኝ።»

«ያው አይደለም እንዴ? የወንዱ መሐንዲስ፣ የሴቷ ሃንደሳይት።»

ይህን ስሕተት እኛ ካልሆንን ማን ሊሠራው ይችላል? መሐንዲስ የሚለው ቃል በአማርኛም በዕብራይስጥም አንድ ነው ለማለት ይቻላል። አባ ፈንታ እዚህ ሲደርሱ ሳይተረጎምላቸው የገባቸው የመጀመሪያው ቃል እሱ ነበር። ዕብራይስጥ ደግሞ ሴት ስትሆን መጨረሻው ላይ «ት» ይጨምራል። ልጃቸው ሃንደሳይት ተብላ ስትመረቅ፣ ፊደሏን ቆጥረው፣ ሴት መሐንዲስ ማለት ነው ብለው ደመደሙ፤ ለአገሩም አወሩ።

«አይደለም አባባ። ሃንደሳይ ሁለት ዓመት የተማረ ነው። ይነድፋል፣ ይለካል፣ ያሰላል። የሚፈርመው ሌላ ነው።»

«ይህን ሁሉ ዓመት መሐንዲስ እያልኩ ሳወራ?»

«ይህን ሁሉ ዓመት ደስ ሲልዎት አየሁ።»

አባ ፈንታ ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ያልተዛነፈ ኩታ ነበር።

የሚገርመው ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ፊታቸው ፈካ። የመጡበት ነገር ቀለል ብሎ ተፈታላቸው። «እንግዲያው ጥፋቱ የማንም አይደለም» አሉ ቄሱ። «መፈረም አትችልም፤ አልፈረመችም። በቃ!» አባ ገረመውም «ሌላ ከተማ ውስጥ ሥራውን ሳያይ የሚፈርም አንድ ሰው አለ ይሉኛል፤ ቤሰደር፣ ደህና፣ እሱን እናገኛለን» ብለው ተነሡ። ሁሉም ተነሥቶ ለምርቃት እጅ ተዘረጋ። ትርንጎ አላስቀየመችም። ሽማግሌዎቹ አልተዋረዱም። በኛ ሰው ዘንድ ነገር የሚያልቀው እንዲህ ነው። እኔም እፎይ አልኩ።

«አባቶቼ፣ እባካችሁ ቁጭ በሉልኝ» አለች።

ተቀመጡ።

«ማንም ቢፈርምበት ይወድቃል። አሁን ላይወድቅ ይችላል። በጾሙ ቀን፣ ሴቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲሰግዱ፣ አንድ ላይ ሲነሡ ግን ይወድቃል። ብረቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲሸከም የኖረ ነው፤ ሰው ተሸክሞ አያውቅም።» «አባባ የሠሩት ሥራ ልክ አይደለም።»

ልጅ በሽማግሌ ፊት የአባቱን ሥራ ልክ አይደለም ሲል ሰምቼ አላውቅም። መንገድ ላይ የሚያልፈው አውቶቡስ ድምፅ ከሩቅ፣ ከውኃ ሥር የሚመጣ መሰለኝ። ትርንጎ ከኪሷ አንድ ጥቅል ሲባጎ አወጣች፤ አባቷ ፊት በጉልበቷ ተቀመጠች።

«የኔን ቁጥር አይመኑት። አንቱ ግንበኛ ነዎት። ይህን ከግድግዳ ግድግዳ፣ ከብረቱ ሥር ወጥረው ይዩት። እሱ የሚልዎትን ይስሙ።»

አልተቀበሏትም። ሲባጎውን ወንበር ላይ አኖረችው። ሽማግሌዎቹ ምርቃቱን ሳይጨርሱ ወጡ። እሷ በደረጃው ወጣች፤ ምሰሶውን ሳትነካ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ አባ ፈንታ ብቻቸውን ተመለሱ።

«ከዘራዬን ረስቼ ነው» አሉኝ።

ከዘራቸው በእጃቸው ነበር። እኔም አላየሁም፤ ደብተሬን አየሁ። ቀና ስል ወንበሩ ላይ ሲባጎ አልነበረም።

በዚያ ሳምንት ሰገነቱ ፈረሰ። አባ ፈንታ ብቻቸውን፣ ሳንቃ በሳንቃ አወረዱት። ለምን ሲሏቸው «ማዘጋጃ ቤት አፍርስ አለኝ» አሉ። ማንም ከዚያ በላይ አልጠየቀም። የጾሙ ቀን ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ነፈሰ። ሴቶቹ ነጭ ለብሰው ግቢው ውስጥ፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ጸሎቱን በመስኮት ይሰማሉ። ከሩቅ ሲታዩ መሬት ላይ ያረፉ ወፎች ይመስሉ ነበር። ሁሉም እዚያ ናቸው፤ ሁሉም ፀሐይ ይመታቸዋል፤ ሁሉም ትርንጎን ያማሉ። ትርንጎ መሀላቸው ተቀምጣለች።

«ይችለን ነበር» ይላሉ እማማ አበሩ፣ እንድትሰማ ጮክ ብለው። «እኛ ምን ክብደት አለን? አጥንት ነን።»

«ይችላችሁ ይሆናል፣ እማማ» አለች ትርንጎ።

ከዚያ ወዲያ ባገኟት ቁጥር፣ ገበያም ሰርግም ላይ፣ እማማ አበሩ ሰላምታቸው ይኸው ሆነ። «ይችለን ነበር፣ ትርንጎ።» መልሷም አልተለወጠም። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ አይችልም ነበር ለምን አትያቸውም አልኳት።

«በምን ላስረዳቸው?» አለችኝ። «የወደቀ ቤት ሺህ ምስክር አለው። ያልወደቀ አንድም የለውም። ይህ ሥራ ያስተማረኝ ይህን ነው። ልክ ከሆንክ ማንም አያውቅልህም፤ አንተም ራስህ ጨርሶ አታውቅም።»

«ታዲያ እንዴት ትኖሪዋለሽ?»

«ሰዎቹን አያቸዋለሁ። ሲያሙኝ አያቸዋለሁ። ድምፃቸው እንዴት ጤነኛ ነው!»

በኋላ እኔ ከበሩ ተነሣሁ፤ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ከተማ፣ ተመልሼ መጣሁ። አባ ፈንታም ልጃቸውም ስለዚያ ቀን ሲነጋገሩ የሰማ ሰው የለም። በየሰንበቱ አብረው ይበላሉ ይባል ነበር። መሐንዲስ ብለው ግን ዳግመኛ አልጠሯትም፤ ሃንደሳይትም አላሉም። «ልጄ» ብቻ።

ከእማማ አበሩ ጋር ለቅሶ ቤት ገባን። ዝቅ ያለ አሮጌ ቤት ነው። አባ ፈንታ እንደ ሐዘኑ ሥርዓት የሸሚዛቸው አንገት ተቀድዶ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ በግድግዳው ዙሪያ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው። ተለቅሶ፣ ተለቅሶ፣ ድካም የሚመጣበት ሰዓት ደረሰ፤ ሰው ስለ ሟች የሚያወራበት። እማማ አበሩ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣

«ስንት ነገር ተናግሬአታለሁ። ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ። ከዚያ አመላቸው አሸነፋቸው። «ብቻ ይችለን ነበር እኮ።»

አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። አንዲት ሴት ሳቋን ዋጠች።

«አይችልም ነበር።»

አባ ፈንታ ናቸው። ራሳቸውን ቀና አላደረጉም።

«ተዉት እንግዲህ፣ አባ ፈንታ፣ በዚህ ቀን...» አለ አንድ ሰው።

«ሲባጎ ወጠርኩበት። ባዶውን፣ ወፍ ሳያርፍበት፣ ብረቱ ሁለት ጣት ጎብጦ ነበር። ማዘጋጃ ቤት አልመጣም። አፍርስ ያለኝ ሰው የለም።» እጃቸውን አዩት። «የሠራሁት እኔ ነኝ። አይችላችሁም ነበር።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከመካከላቸው የጎደለ ሰው እንዳለ እንደሚቆጥሩ ሁሉ አንዷ ሌላዋን ቀስ ብላ አየቻት። እማማ አበሩ ከጎናቸው የተቀመጠችውን የልጅ ልጃቸውን እጅ ፈልገው ያዙ።